ላረጀ ካሜራ የተሠራ ሪሞት

ካሜራውን እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ታቅፎት ነበር የመጣው። ሱቁ የመኪና ማንቂያ ደወል የሚገጠምበት፣ የበርና የጋራዥ ሪሞት የሚጠገንበት ነው። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ወይ ቁልፍ በጣቱ ያንጠለጥላል፣ ወይ መኪናውን በራፍ ላይ አቁሞ ይገባል። ይሄኛው ከሁለቱም አልነበረም። ባንኮኒው ላይ ፎጣውን ቀስ ብሎ ሲገልጠው ባለሱቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት።

«ጎማ የሌለው ነገር አንሠራም፣ ወንድሜ» አሉት።

ሰውየው ፈገግ አለ። ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር «ሳቅ በሉ» ስለሚል የሰፈሩ ልጆች ስሙን «ሳቅ በሉ» አድርገውታል። ካሜራውን በእጁ ሳይነካ፣ ከሩቅ ሆኖ ፎቶ ማንሳት እንደሚፈልግ አስረዳ። ካሜራው የቆየ ዲጂታል ነው፤ ሲሠራ ሪሞት አልታሰበለትም፣ ፋብሪካውም ከተወው ሰንብቷል። አዲስ ግዛ ያላለው ሰው የለም። እሱ ግን ሥራውን የተማረው በዚህ ነውና ሌላ ሲይዝ የሰው ጫማ ያደረገ ይመስለዋል።

ባለሱቁ ሊያሰናብቱት ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች። በልጅነቷ ወላጆቿን ካጣች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሥራውንም ያስተማሯት እሳቸው። ቀጭን በመሆኗና ከሽቦ ጋር ስለምትውል ሰፈሩ «ሽቦ» ይላታል። መበየጃዋን እንደያዘች መጣች፤ በካሜራው ጎን ያለችውን የጎማ ክዳን በጥፍሯ ከፈት አደረገቻት።

«እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ምን ይሰካ ነበር?» አለችው።

«ባለ ሽቦ መጫኛ ነበረው። አሁን የትም አይገኝም።»

«ሽቦ የሄደበት ቦታ ሪሞትም ይሄዳል» አለች። «እኔ ጋ ተወው።»

ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። ሕፃናት ካሜራ ፊቴ ላይ ደቅኜ ሲያዩኝ ያለቅሳሉ፤ አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ እያጫወትኳቸው ማንሳት ብችል ብዬ ነው አላት። ይህን ሲናገር በግራ እጁ የቀኝ አንጓውን አጥብቆ ይዞ ነበር። አይታዋለች። ዓይን አፋር ሰው ነው ብላ አለፈችው።

ቀዳዳው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ሦስት እግሮች አገኘች። በቀጭን ሽቦ ሁለቱን ስታነካካቸው ሌንሱ እዝዝ እያለ ምስሉን ማጥራት ጀመረ፤ ሦስተኛውን ስትጨምርበት ካሜራው ቀጭ አለ። ነገሩ ይኸው ነበር፦ እነዚያን እግሮች የሚያገናኝና የሚለያይ፣ ከሩቅ የሚታዘዝ አንድ ነገር ማግኘት። ከተጣለ የመኪና ማንቂያ ውስጥ የሪሞቱን መቀበያ ነቀለች፣ በጣም ትንሽ የሆነች ማብሪያ ማጥፊያ በየደችበት፣ ከባትሪ ጋር በጉዞ ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችና ካሜራው አናት ላይ ገጠመችው። መጫኛው ራሱ ከመኪና ቁልፍ ጋር የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሊወስደው የመጣ ዕለት ሁለቱም ባንኮኒው ላይ አጎንብሰው ስታሳየው፣ ማንም ሳይነካው ካሜራው ቀጭ አለ። ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ሽቦ ወደ በሩ ዞር ብላ ስታይ አንድ ጎረቤት መኪናውን ቆልፎ፣ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት መልሶ እየከፈተ ነው።

«ሰውየው መኪናውን በከፈተ ቁጥር የኔ ካሜራ ፎቶ ሊያነሳ ነው?» አላት።

«አንተም ፎቶ ባነሳህ ቁጥር መኪናው ይከፈትልሃል» አለችው። «ተጠቀምክ እንጂ አልተጎዳህም።»

አጎቷ ምን ሆናችሁ ብለው እስኪመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ የተነሳውን ከፍቶ አየ፤ እሷም በትከሻው በኩል አየች። ፎቶው ውስጥ እሱ ካሜራውን ያያል፤ እሷ ግን እሱን ነበር የምታየው። ሁለቱም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

የሪሞቱን ኮድ ከጎረቤቱ እንዳይገጥም ስትቀይር አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሽቦ ይከብደኛል፤ ሽቤ ልበልሽ?» አላት።

«ሽቤማ እስር ቤት ነው።»

«እንግዲያው ገባሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ባትሪውን ለማየት እያለች ወደ ፎቶ ቤቱ መውጣት አበዛች። አጎቷ ነገሩ ገብቷቸው «የዚያ ሰውዬ ባትሪ ምን ቢሆን ነው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው?» እያሉ ያሽሟጥጧት ነበር። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሲሠራ ታየዋለች። ለመታወቂያ ሊነሱ የመጡ ኮስታራ አዛውንት አጠገብ ተቀምጦ የሆነ ነገር በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ እሳቸው ሲፈነድቁ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ካሜራው ወዲያ ማዶ ቀጭ ይላል። ሰዎቹ መነሳታቸውን እንኳን ሳያውቁ ያልቃል። ፎቶውን ሲያዩት «ይሄ እኔ ነኝ?» ይላሉ። ሥራ ሲያበቃ እስከ ሱቁ ሊሸኛት ይወርዳል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ አንዴ ይሻገሩና፣ ወሬው ስላላለቀ መልሰው ይሻገራሉ። እንደምትወደው አልነገረችውም፤ እሱም አልነገራት። ግን ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን ለይቶ በሩን አስቀድሞ የሚከፍትላት ሰው ምን ብሎ ይንገራት?

አንድ ቀን የሪሞቱን ቁልፍ ከፍ አድርጊልኝ አላት። ከፍ አደረገችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ጠጠረብኝ፣ አላልተሽ ሥሪልኝ አለ። አላላችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣባት እጁን አየችና ምን ሆነህ ነው አለችው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ወሬ ቀየረ።

በሳምንቱ ስትወጣ በሩን አልከፈተላትም። ራሷ ከፍታ ገባች። ሌንሱን እየወለወለ፣ ቀና ብሎም ሳያያት፣ ካሁን በኋላ መመላለስ እንደሌለባት፣ የሚያስባት ሌላ ሴት እንዳለች፣ እስካሁን ሳይነግራት በመቆየቱ ይቅርታ እንደሚጠይቃት ተናገረ። ቃሉን ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ይመስል ነበር። የያዘችውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረደች።

አጎቷ ፊቷን አይተው አልጠየቋትም። ጥገናው ብዙ ጊዜ የሚፈጅ አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ የውስጥ ሽቦውን በሙሉ እንድትለውጥ ሰጧት። መሪው ሥር በጀርባዋ ተኝታ ስለምትሠራ ማንም ፊቷን አያይም። አጎቷ ይህን አስበውበት እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

የጭነት መኪናው ሳያልቅ አንዲት እናት ሱቁ ገቡ። የፎቶ አንሺው እናት መሆናቸውን ተናግረው ከቦርሳቸው ሪሞቱን አወጡ።

«ይሄን መጫን አቃተው» አሉ።

ሽቦ ተቀብላ ሞከረችው። ቀይዋ መብራት በራች። «ይሠራል እኮ፣ እማማ።»

«እሱማ ይሠራል» አሉ እናቱ። «ጣቱ ነው የማይሠራው፣ ልጄ።»

ወንበር አቀረበችላቸው። አባቱም እንዲሁ እንደነበሩ ነገሯት። ከእጅ ይጀምራል፣ ወደ እግር ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ጋ ይደርሳል። ሐኪሞቹ ስም አላቸው፣ መድኃኒት ግን የላቸውም። ልጃቸው ካሜራውን ታቅፎ ወደዚህ ሱቅ ሲመጣ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ የሕፃናቱም ወሬ ውሸት ባይሆን ከእውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላ ሴት ያላት ደግሞ የለችም።

«ነይም ቅሪም አልልሽም» አሉ። «እኔን ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅሁት ከገባሁበት በኋላ ነው። ወገቤ እስከ ዛሬ ድረስ ያመኛል፣ አባቱን ሳነሳ ሳስቀምጥ። አንቺ አውቀሽ ብትቀሪ እኔ አልፈርድብሽም። ውሸት ሰምተሽ እንድትቀሪ ግን ሆዴ አልቻለም።»

ሽቦ ሪሞቱን በእጇ እንደያዘች ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ እናቱን መንገድ አሻገረቻቸው፤ ደረጃውንም ደግፋ አወጣቻቸው።

እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። እናቱን ከሷ ጋር ሲያይ ገባው። እናቱም ወደ ጓዳ ገብተው በሩን መለስ አደረጉት።

«ነገረችሽ» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ሪሞቱን ልሠራ። ጣት የማይፈልግ መጫኛ አለ። በመዳፍህ ደገፍ ብትለው ይበቃዋል።»

«ሪሞቱን ትሠሪዋለሽ። እኔን ግን አትሠሪኝም።»

«አውቃለሁ።»

«መዳፌም ይሄዳል፣ ሽቤ። አባቴን አይቼዋለሁ። እናቴን ደግሞ ከሱ የበለጠ አይቻታለሁ። አንቺን እንደዚያ ማየት አልፈልግም።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት» አለችው። «ማልቀሴ ካልቀረ ካንተ ጋር ላልቅስ።»

ፊቱን በእጁ ሊሸፍን ሞከረ። ጣቶቹ አልተሰበሰቡለትም። እሷ አንድ በአንድ ሰብስባ ያዘችለት።

አጎቷ እራት ላይ ሲሰሙ ተቆጡ። ዓይኔ እያየ ገደል ስትገቢ ዝም ልበል ወይ አሏት። እሳቸው ሲያረጁ የሚያሳርፋቸው ጤነኛ ሰው ታገባለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና፣ ቁጣው ውስጥ ለራሳቸውም ማዘን ነበረበት። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «ጋሼ፣ እኔን ሲወስዱኝ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይቅርብዎት አላለም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ማዕዱን ትተው ተነሱ።

ጋብቻቸው የተፈረመው በማዘጋጃ ቤት ነው። እስክሪብቶውን አብራው ይዛ ፈረመ። አጎቷ በምስክርነት ፈረሙ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ሙሽራውን ሳያዩት ወጡ። በማግስቱ ግን የሱቁ መጋረጃና መደርደሪያ ተነቅሎ ተገኘ። አጎቷ ሱቁን ለሁለት ከፍለው ግድግዳ አቆሙ፤ የፎቶ ቤቱን ወንበር፣ መብራትና የጀርባ ሸራ በጀርባቸው ተሸክመው ከፎቅ አወረዱ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ደረጃ ለሥራ አይመችም» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መራመድ የከበደውን ልጅ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ደፉን የሚያሻግሩት እሳቸው ሆኑ።

መልካም ጊዜ ነበር። ከአንዱ በር የማንቂያ ጩኸት፣ ከሌላው በር ሳቅ ይሰማል። መዳፍ የሚደገፈው መጫኛ ለተወሰነ ጊዜ ሠራ። መዳፉ ሲደክም ከልብስ ስፌት መኪና የእግር መርገጫ ወስዳ በእግሩ እንዲያነሳ አደረገች። እግሩ ሲከዳው ጉንጩን ዘንበል ሲያደርግ የሚነካው ትንሽ ትራስ ሠራችለት። አዲስ በተገጠመለት ቁጥር ይቀልዳል። «በመጨረሻ ሳስብ ብቻ እንዲያነሳ ታደርጊዋለሽ፤ ያኔ ያሰብኩትን ሁሉ ታዪብኛለሽ» ይላታል። ድምፁ ሲሳሳ «ሳቅ በሉ» የሚለው ለደንበኛው አልሰማ አለ። ስለዚህ እናቱ አጠገቡ ቆመው፣ ከሱ ከንፈር እየተቀበሉ፣ ጮክ ብለው ይሉለት ጀመር። ሰው በሳቸው አኳኋን ይስቃል፤ እሱ ደግሞ በጉንጩ ያነሳል።

እሷ ግን ማረፍ ተሳናት። አንዱን ሠርታ ሳትጨርስ የሚቀጥለውን ታስባለች። ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ነገ እንደማይንቀሳቀስ ስለምታውቅ፣ ሕመሙን ቀድማ ልትጠብቀው ትሮጣለች። እናቱ ትንሽ ጋደም በይ ሲሏት ትንሽ ቀረኝ ትላለች። አጎቷ ምሳ ሲያመጡላት ሳህኑ ሳይነካ ይውላል።

ጉንጩም የደከመ ጊዜ የዓይን ቆብ ሲከደን የሚያውቅ መጫኛ ጀመረች። ከባድ ሥራ ነበር። ዓይኑ ፊት የገጠመቻት ትንሿ መብራት ቆቡን ከዓይኑ ነጭ አልለይ እያለች ደጋግማ አፈረሰችው። ካልጋ መውረድ ስላቃተው የምትሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛዋ ወደ ግድግዳው የዞረ ነው፤ የሱ አልጋ ከኋላዋ፣ መንገድ በሚያየው መስኮት ሥር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አጎንብሳ ስትበይድ፣ ጠራት።

«ሽቤ።»

«ወዬ። ደረሰልህ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ተይው።»

«ዓይንህን አንዴ ብቻ ጨፈን ስታደርግ ያነሳል እኮ...»

ትንፋሹን አጠራቀመ።

«ስትሠሪ የማየው ጀርባሽን ነው» አለ። «ነይ፣ ፊትሽን ልየው።»

መበየጃው በእጇ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ሥራዋን እስካላቆመች ድረስ እሱም የማያልቅ መስሏት እንደኖረች ያን ጊዜ ታወቃት። መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለች። ወንበሯን አዙራ አልጋው አጠገብ አስጠጋችና ተቀመጠች። እሱ አያት። እሷም አየችው። ሲደክመው ዓይኑን ይከድናል፣ ሲከፍተው እዚያው ናት። ለዓይኑ አዲስ ሰው የሆነች ይመስል ከግንባሯ እስከ አገጯ በዝግታ ያያታል። እንዲሁ መሸ።

የዓይኑ መጫኛ በዚያው ቀረ። አጎቷ ለሚመጣው ደንበኛ ፎቶ ቤቱ መዘጋቱን ይነግሩ ነበር።

አንገቱን ማዞር ስለማይችል መስኮቱ በኩል የሚያልፈውን እሷ ትነግረው ጀመር። መጀመሪያ ላይ አላወቀችበትም። «ሰው እያለፈ ነው» ትለዋለች። «ምን ዓይነት ሰው?» ይላታል። «ሴትዮ።» «ምን ይዛለች? እንዴት ነው የያዘችው?» ይላል በዚያች በሳሳች ድምፁ። ስለዚህ ማየት ተማረች። ጃንጥላዋን ለልጇ ይዛ ራሷ የምትበሰብሰውን እናት፣ ስልክ እያወራ በእጁ ለሌለ ሰው የሚያስረዳውን፣ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ ፀጉሩን በመስታወቱ የሚያስተካክለውን ጎረምሳ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ነገረችው። አንዳንዱን ስትነግረው ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ትመጣለች። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋም መንገሯን አልተወችም።

ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ባባራበት ጠዋት አንድ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ትልቅ ፍራሽ በትንሽ ታክሲ ላይ ሊጭኑ ይታገላሉ። ትነግረው ጀመር። ሴትየዋ ከኋላ ይግባ ትላለች፣ ሰውየው ከላይ ይታሰር ይላል። ታክሲ ነጂው እጁን አጣጥፎ ዳር ቆሟል፤ ጣሪያዬን ትጎዱታላችሁ የሚል ይመስላል። ሰውየው ብቻውን ሊያነሳው ሞከረና ፍራሹ ከላዩ ወደቀበት። ሴትየዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሰውየው ከፍራሹ ሥር ሆኖ እግሩ ብቻ ይታያል።

ወደሱ ዞር አለች፤ ያቺን ትንሽ ፈገግታውን ፍለጋ። ፊቱ ጸጥ ብሏል። የያዘችው እጅ ከቀድሞው አይለይም፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አይጨብጣትም ነበርና። ደረቱን አየች። ብዙ ጠበቀች። ዳግመኛ ከፍ አላለም።

እናቱ ሻይ ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። የልጃቸውን ፊት አዩ፣ የሷን አዩ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሽቦ እጁን አልለቀቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«አሁን ነጂውም ሊያግዛቸው መጣ» አለችው። «ሦስቱም ከሥር ገብተው አነሱት። ላዩ ላይ ወጣ። ሰውየው ገመድ ይወረውራል፣ እሷ ከወዲያ ትቀበለዋለች። አሰሩት። ሴትየዋ ለሰውየው ጭቃውን ከትከሻው ላይ እያራገፈችለት ነው። ገቡ። ሰውየው በመስኮት እጁን አውጥቶ ፍራሹን ይዞታል፣ እንዳይወድቅ።»

ታክሲው ተንቀሳቀሰ፤ ቀስ ብሎ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ሄዱ» አለችው።